ፈንገሱ ደም ውስጥ በየት በኩል ገባ?

ፈንገስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቆዳ ነው። ቋቁቻ፣ ጭርት፣ ፎረፎር፣ በእግር ጣት መሀል የሚያሳክክ ነገር። ቅባት ሲቀቡት የሚለቅ፣ ቢቆይም የማይገድል። ስለዚህ ሐኪሙ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥቶ «ደማቸው ውስጥ ፈንገስ ተገኝቷል» ሲል ቤተሰብ ግራ ይጋባል። ፈንገስ ደም ውስጥ ምን ይሠራል? ቀጥሎ «የተሰጣቸው መድኃኒትም አልሠራም» ሲባል ደግሞ ግራ መጋባቱ ይብሳል።

ነገሩን ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከተማ ልጀምረው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በ2021 ከጃንዋሪ እስከ አፕሪል ድረስ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 101 ሰዎች ላይ ካንዲዳ ኦሪስ የሚባል ፈንገስ ተገኘ። አንዳንዱ ታሞበታል፣ አንዳንዱ ቆዳው ላይ ብቻ ይዞታል። ከነሱ ውስጥ የ3ቱ ፈንገስ ለሦስቱም ዋና ዋና የፀረ ፈንገስ መድኃኒት ወገኖች አልበገር ያለ ነበር። በዚያው ሰሞን ቴክሳስ ውስጥ 22 ሰዎች ላይ ተገኝቶ የ2ቱ እንደዚያው ሆነ። ባለሙያዎቹን ያስደነገጠው ቁጥሩ አይደለም። መድኃኒቱን የለመደ ፈንገስ የተገኘባቸው ሕሙማን፣ ለዚህ ፈንገስ መጀመሪያ የሚታዘዘውን ኢካይኖካንዲን የሚባል መድኃኒት ከዚያ በፊት ስለመውሰዳቸው ምንም መረጃ አልነበረም። ታዲያ ፈንገሱ ያልቀመሰውን መድኃኒት እንዴት ለመደው?

እነሱ ጋ አልለመደም። ለምዶ ነው የመጣው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ኒውዮርክ ውስጥም እንዲሁ ለሁሉም መድኃኒት እምቢ ያለ ፈንገስ የያዛቸው 3 ሕሙማን ነበሩ። የነሱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ፈንገሱ የጠነከረው በመድኃኒቱ ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉን የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። እንግዲህ መድኃኒት የለመደ ፈንገስ በሽተኛ ጋ የሚደርስበት መንገድ ሁለት ነው። ወይ እዚያው በሽተኛው ላይ መድኃኒቱ ራሱ ያሠለጥነዋል። ወይ ደግሞ ሠልጥኖ በሰው እጅ ወይም በዕቃ ይመጣል።

ስለ አጋላጭ ምክንያቶች ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚደረደረው የበሽተኛው ማንነት ነው። ዕድሜው ገፍቷል፣ ስኳር አለበት፣ ካንሰር ይዞታል። ሐሰት አይደለም። እኔ ግን ዝርዝሩን ደጋግሜ ሳየው የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው በሽተኛው ከቤቱ ይዞት የመጣ ነገር አይደለም። ሆስፒታል ከገባ በኋላ፣ ሊያድኑት ሲሉ ያደረጉለት ነው።

ካንዲዳ የእርሾ ወገን ነው። ለሰውነታችንም እንግዳ አይደለም። የብዙ ጤነኛ ሰው አፍና አንጀት ውስጥ፣ በሴቶችም ብልት አካባቢ አርፎ ይኖራል። አርፎ የሚኖረው ታጥሮ ስለሆነ ነው። አንዱ አጥር የቆዳችንና የአንጀታችን ግድግዳ ነው። ሁለተኛው አብረውት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ቦታውንም ምግቡንም ይሻሙታል። ሦስተኛው ነጭ የደም ሴሎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኤችአይቪ ያለበት ሰው አፉ በዚህ ፈንገስ ሲነጣ አይተን ይሆናል። ጉሮሮው ድረስ ሊወርድ ይችላል። ደሙ ውስጥ ግን እምብዛም አይገባም። ምክንያቱም አፍን የሚጠብቁት ነጭ ሴሎችና ደምን የሚጠብቁት የተለያዩ ናቸው። ደም ውስጥ የገባን ፈንገስ በዋናነት የሚውጡት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው፤ እነሱን አብዝቶ የሚያመናምነው ደግሞ የካንሰር ኬሞ ነው። «መከላከያው ደክሟል» ሲባል የትኛው መከላከያ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን አንድ በሽተኛ በሐሳባችን እንሣል። ጋሼ እንበላቸው። 62 ዓመታቸው ነው። አንጀታቸው ተጠማዞ ነው የመጡት። ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ከተማ ሪፈር ሲባሉ ሁለት ቀን አልፏል። ሆዳቸው ሲከፈት የአንጀታቸው አንዱ ክፍል ሞቷል፣ ተበስቷልም። የሞተው ተቆርጦ ወጣ፣ ሆዳቸው ታጠበ። የመጀመሪያው አጥር የፈረሰው እዚህ ላይ ነው። አንጀት ውስጥ የነበረ ካንዲዳ መገኘት የሌለበት ቦታ ፈስሷል። የተሰፋው ቦታ አፍስሶ በድጋሚ ቢከፈቱ አደጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ከቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ ካንዲዳ የሚወደው ይህንን ነው፤ የሆድ፣ በተለይ ተደጋግሞ የተከፈተ ሆድ።

ሴፍትሪአክሶንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ተጀመሩላቸው። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ወደ ሜሮፔኔምና ቫንኮማይሲን ተሸጋገሩ። ማንም ሐኪም ይህንን ቢያደርግ አልፈርድበትም። ያለ አንቲባዮቲክ ጋሼ የመጀመሪያውን ሳምንት አያልፉም ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ ጠላትን ብቻ አይመታም። አንጀት ውስጥ ያለውን የባክቴሪያ ጎረቤት ሁሉ ጠራርጎ ያስወጣዋል። ካንዲዳ በአንቲባዮቲክ አይሞትም። ባለቤቱ የለቀቀው ሰፊ መሬት ለብቻው ይቀርለታል፤ ይራባል። አንቲባዮቲኩ በዓይነት በበዛና በቀን በረዘመ ቁጥር መሬቱ ይሰፋለታል።

ከዚያ መስመሩ መጣ። የክንዳቸው ደም ሥሮች ካኑላ ሲገባባቸው ሲወጣባቸው ስለጠፉ፣ አንገታቸው ሥር ባለው ትልቁ ደም ሥር በኩል ሴንትራል ላይን ገባላቸው። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ናት፤ ጫፏ ልብ ደጃፍ ትደርሳለች። መድኃኒቱም ፈሳሹም በእሷ ይሄዳል፣ ደምም በእሷ ይቀዳል። ለነርሷ እፎይታ ነው። ለጋሼም እውነት ለመናገር እፎይታ ነው፤ በየቀኑ መወጋት ቀረላቸው። ለካንዲዳ ግን ከቆዳ ወደ ልብ የተዘረጋ ድልድይ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ክፋት ፕላስቲክ ላይ የሚሠራው ቤት ነው። ውኃ የሚቀመጥበት ጀሪካን ሲቆይ ውስጡን በጣት ቢነኩት የሚያንሸራትት ስስ ነገር አለ አይደል? ውኃ ቢያንቀጫቅጩበት አይለቅም፤ መፈግፈግ አለበት። ካንዲዳም ቱቦው ውስጥ እንደዚያ ያለ ሽፋን ሠርቶ ከሥሩ ይደበቃል። ባዮፊልም ይሉታል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲፈተን በቀላሉ የሚሞት ፈንገስ እንኳ እዚያ ሽፋን ውስጥ ሲሆን መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ደም ውስጥ ካንዲዳ ሲገኝ ሐኪሞች መስመሩን ቶሎ ለማውጣት የሚጣደፉት ለዚህ ነው። ቱቦ መፈግፈግ ስለማይቻል መንቀል ነው ያለው።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። የኩላሊት እጥበት ያው የመስመር ጉዳይ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ምግብ ስኳርና ስብ ስላለው ፈንገሱን ይመግበዋል፤ በመስመር ስለሚሄድ ደግሞ መንገዱንም ይከፍትለታል። ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ጠባቂዎቹን ነጭ ሴሎች ያደክማል። የመተንፈሻ ማሽን በራሱ ፈንገስ ደም ውስጥ ይከታል ማለት ይከብዳል፤ ይልቅ ሰውየው ምን ያህል እንደታመመና ምን ያህል እጅ እንደነካው የሚናገር ምልክት ነው። ከሁሉም በላይ ቀኑ ነው። ይህ ኢንፌክሽን በአብዛኛው የሚመጣው ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን አንድ ተጨማሪ መርፌ፣ አንድ ተጨማሪ እጅ፣ አንድ ተጨማሪ የአንቲባዮቲክ ዶዝ ይዞ ይመጣል።

ጨቅላ ሕፃናት ግን በአንድ መስመር የሚታለፉ አይደሉም። ከአንድ ኪሎ በታች ሆኖ የተወለደ ልጅ ቆዳው ገና ቆዳ አልሆነም፤ ስስ ወረቀት ነው። አንጀቱም አልጠነከረም። ምግቡም መድኃኒቱም በመስመር ነው። እዚያ ክፍል የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ካንዲዳ ፓራፕሲሎሲስ የሚባለው ነው፤ ፕላስቲክ ይወዳል፣ በጤና ባለሙያ እጅ ላይ ይቀመጣል። ልጁ ከእናቱ ይዞት ላይመጣ ይችላል። ማሞቂያ ሣጥኑ ውስጥ የሚገቡት እጆች ያመጡለታል። አንድ ነርስ ለብዙ ሕፃናት በምትሮጥበት ክፍል ውስጥ «እጅ አልታጠበችም» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ቧንቧው ውኃ ነበረው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ወደ ጋሼ እንመለስ። 14ኛው ቀን ላይ ትኩሳቱ ተመለሰ። ደም ለካልቸር ተወሰደ፤ ውስጡ ያለው ተሕዋስ ላቦራቶሪ ውስጥ አድጎ እንዲታይ ማለት ነው። ካንዲዳ ካልቸር ላይ ለመታየት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ከያዛቸው ሰዎችም ካልቸር የሚያገኘው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ሕክምናው ሲዘገይ ደግሞ ሞቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሐኪሙ ውጤት አይጠብቅም፤ በግምት ይጀምራል። በእጁ ያለው ፍሉኮናዞል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም «ለመከላከል» ተብሎ ትንሽ ተሰጥቷቸው ነበር። መድኃኒት የለመደው ፈንገስ ጨዋታ ውስጥ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ለባክቴሪያ ብዙ ዓይነት መድኃኒት አለ፤ ለፈንገስ የለም። ምክንያቱ ፈንገስ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ሴሉ የእኛን ይመስላል። እሱን የሚገድል መርዝ እኛንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለደም ኢንፌክሽን በዋናነት ያሉት ሦስት ወገኖች ብቻ ናቸው። አምፎተሪሲን ቢ የቆየው ነው፤ በ1950ዎቹ ከቬኔዝዌላ አፈር ውስጥ ከተገኘ ተሕዋስ የወጣ። እኛ ጋ በመተማና በሁመራ በኩል ለካላዛር ሕሙማን ስለሚሰጥ ስሙ አዲስ አይደለም። ጠንካራ ነው፤ ግን ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ሁለተኛው የአዞሎች ወገን ነው፣ ፍሉኮናዞል ያለበት። አሜሪካ ውስጥ በ1990 ነው የተፈቀደው። ርካሽ ነው፣ ይዋጣል፣ ብዙም አይጎዳም። ሦስተኛው ኢካይኖካንዲን ነው፤ ከ2001 ጀምሮ ያለ፣ በደም ሥር ብቻ የሚሰጥ። ዛሬ ለደም ካንዲዳ የሚመረጠው ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ የገባው ግን በ2021 ነው። መዝገብ ላይ መግባትና የአንድ ሆስፒታል ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ መገኘት ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የፍሉኮናዞል ጥሩነት ነው ጣጣው። ርካሽና የማይጎዳ ስለሆነ ለሁሉም ነገር ይታዘዛል። መድኃኒቱ ፈንገሱ የሴሉን ሽፋን የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም ነው የሚይዘው። አንዳንዱ ፈንገስ ኢንዛይሙን ትንሽ ይለውጠዋል፤ ቁልፉ አይገጥምም። አንዳንዱ ደግሞ የገባውን መድኃኒት እንደ ውኃ መሳቢያ ፓምፕ መልሶ ያወጣዋል። ካንዲዳ ክሩሴይ የሚባለው ከተፈጥሮው ፍሉኮናዞል አይነካውም። እንግዲህ ጋሼ ባለፈው ሳምንት የወሰዱት አነስተኛ ፍሉኮናዞል ገሩን ፈንገስ ገድሎ ጠንካራውን አስቀርቷል። ስንዴውን አጭዶ እንክርዳዱን መተው ነው። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያገኙት ይህንኑ ነው። መድኃኒት የለመደ ካንዲዳ ደሙ ውስጥ የተገኘበት ሰው ታሪኩ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ፀረ ፈንገስ ወስዶ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት ላቅልል። እህቴ፣ ለብልት ማሳከክ ብለሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ የዋጥሻት አንዲት የ150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል ደምሽን በፈንገስ አትሞላም። ያለ ምርመራ በየወሩ መዋጡን አልደግፍም። ግን እያወራን ያለነው ሌላ ነገር ነው፤ በጽኑ የታመመ ሰው፣ ቱቦ ያለበት፣ ሳምንት ሙሉ ሳይበቃው የሚወስደው መድኃኒት። ለደም ካንዲዳ አዋቂ ሰው በመጀመሪያው ቀን 800፣ ከዚያ በየቀኑ 400 ሚሊግራም ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ ያነሰው ፈንገሱን ሳይገድለው ያለማምደዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንሂድ፣ በእጅና በዕቃ ወደሚመጣው። በዚህ መንገድ እንደ ካንዲዳ ኦሪስ የተካነ የለም። መጀመሪያ የተመዘገበው በ2009 ነው፣ ጃፓን ውስጥ፣ ከአንዲት የ70 ዓመት ሴት ጆሮ። ኦሪስ በላቲን ጆሮ ማለት ነው። በኋላ የተቀመጡ ናሙናዎች ሲፈተሹ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በ1996 የተወሰደ አንድ ናሙና ላይም ተገኘ። ግራ የሚያጋባው ግን ዘሩ ነው። በደቡብ እስያ፣ በምሥራቅ እስያ፣ በደቡብ አፍሪካና በደቡብ አሜሪካ በተቀራራቢ ጊዜ ብቅ አለ፤ ዘራቸው ሲመረመር ግን አንዱ ከሌላው አልመጣም። የዓለም ሙቀት መጨመር ነው ፈንገሱን የሰው ሰውነት ሙቀት ያስለመደው የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ። ደስ የሚል መላምት ነው፤ ግን እስካሁን መላምት ነው።

ሌላው ካንዲዳ በአብዛኛው አንጀት ይወዳል። ይሄኛው ቆዳ ይወዳል። ብብትና ብሽሽት ላይ ለወራት ይቀመጣል። አልጋው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ላይ ለሳምንታት ይቆያል። በ2021 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ከተመረመሩት ናሙናዎች 90 በመቶ ያህሉ ፍሉኮናዞልን ለምደው ነበር፣ 30 በመቶ ያህሉ አምፎተሪሲንን። ኢካይኖካንዲንን የለመዱት ከ5 በመቶ ያንሱ ነበር፤ ዲሲና ቴክሳስ ያስደነገጡትም ለዚህ ነው። ደም ውስጥ ከገባ በተለያዩ ሪፖርቶች ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። እርግጥ ቀድሞም በጠና የታመሙ ሰዎች ስለሆኑ፣ የገደላቸው ፈንገሱ ነው ወይስ በሽታቸው ብሎ መለየት አስቸጋሪ ነው።

የእንግሊዟ ኦክስፎርድ ታሪክ ደጋግሜ የማስታውሰው ነው። በጆን ራድክሊፍ ሆስፒታል የአንጎልና የነርቭ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ከ2015 እስከ 2017 ባለው ጊዜ 70 ሰዎች ላይ ካንዲዳ ኦሪስ ተገኘ። 7ቱ ላይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ገብቷል። ክፍሉን ፈተሹ። ግድግዳውንና አልጋውን ፈተሹ። በአካባቢው እምብዛም አልተገኘም። በመጨረሻ የያዙት ብብት ውስጥ የሚደረግ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ነው። ከአንዱ በሽተኛ ወጥቶ ተወልውሎ ለሌላው ይደረጋል። ፈንገሱ እሱ ላይ ነበር። መለኪያዎቹ ከክፍሉ ሲወጡ አዲስ የሚያዘው ሰው ቁጥር ወረደ።

ጥናቱ ውስጥ ጎልተው የወጡት አጋላጭ ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያ ሽቦ፣ ሁለተኛው ፍሉኮናዞል መውሰድ። ሁለቱም መንገዶች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ። ዕድሜ አይደለም፣ ስኳር አይደለም። ትኩሳት ለመለካት ብብት ውስጥ የገባች ሽቦና በቅን ልብ የታዘዘች እንክብል።

«ይሄ የፈረንጅ ሆስፒታል ጣጣ ነው» የሚል ካለ ናይሮቢን ይመልከት። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ከ2010 እስከ 2016 ደማቸው ውስጥ ካንዲዳ ከተገኘባቸው ሕሙማን 38 በመቶ የሚሆኑት የያዛቸው ኦሪስ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ2016ና በ2017 በተደረገው አገር አቀፍ ክትትል ከ7 የደም ካንዲዳ አንዱ ኦሪስ ነው። እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የፓራፕሲሎሲስ ናሙናዎች ሲመረመሩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በፍሉኮናዞል በደንብ የሚገደሉ ሆነው አልተገኙም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 የመጀመሪያውን የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ሲያወጣ ኦሪስን ከላይኛው ረድፍ ካስቀመጣቸው አራቱ አንዱ አድርጎታል።

እኛ ጋ ብዙ ሆስፒታሎች የደም ካልቸር በየዕለቱ አይሠሩም። የሚሠሩትም ጋ ማይክሮስኮፕ ሥር እርሾ ከታየ «እርሾ ታይቷል» ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። የትኛው ካንዲዳ እንደሆነ ሳይለይ። ኦሪስ ደግሞ በተለመዱት መለያ ኪቶች ሲመረመር የሌላ ዘመዱን ስም ይዞ የመውጣት አመል አለው፤ በትልልቆቹ አገሮችም ለዓመታት የተደበቀው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ናይሮቢ ያለ ነገር አዲስ አበባ አይደርስም የሚለውን ማጽናኛ አልቀበልም። ስሙን የማይጠራ ላቦራቶሪ በሽታውን አላገኘም ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ብዙ የማይነሳ ነገር ደግሞ አለ። ለሕክምና ሕንድ የሚሄደው ሰው። ለልብ፣ ለካንሰር፣ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ቤት ሸጦ፣ እድር አስተባብሮ የሚሄደው ብዙ ነው። ሕንድ ካንዲዳ ኦሪስ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። አትሂዱ እያልኩ አይደለም፤ ሕይወት የሚተርፍበት ጉዞ ነው። ግን አሜሪካኖቹ ውጭ አገር ሆስፒታል ውስጥ አድሮ የመጣን ሰው ቆዳውን በጥጥ እያሻሹ ይመረምራሉ። እኛ ጋ ያ ሰው ተመልሶ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ቅርቡ ባለ ሆስፒታል ይተኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የት የት ሆስፒታል ተኝተው ነበር?» ቢሆን ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። አስታማሚም ሳይጠየቅ ቢናገር ጥሩ ነው። ካንዲዳ ኦሪስ ቆዳው ላይ ያለ ሰው የሚሸሽ ሰው አይደለም። ለጤነኛ ቤተሰቡ ይህን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው አጠገቡ ለተኛው፣ አንገቱ ላይ ቱቦ ላለው ሰው ነው።

ዲሲና ሜሪላንድ ያሉ ብዙ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን የሚሠሩት ደግሞ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ፈንገስ አብዝቶ የተዛመተው ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ውስጥ ብቻ አይደለም፤ የመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉ ሰዎች ለወራት የሚተኙባቸው የረጅም ጊዜ ማቆያዎች ውስጥም ነው። በ2019 አገሪቱ ውስጥ 476 የታመሙ ሰዎች ነበሩ፣ በ2021 ደግሞ 1,471። መሀል ላይ ኮቪድ ነበር፤ ጓንትና ጋውን ያጠረበት፣ ሠራተኛ ያለቀበት ጊዜ። አንድ ሠራተኛ በአንድ ሽፍት ስንት ሰው ታገላብጣለች፣ ስንት ሰው ታጥባለች? አለቃዋ ጋውን ቀይሪ ይላታል፤ አለቃዋ ራሱ ደግሞ ለ15 ሰው አንድ እሷን ይመድባል። ያንን ምደባ አጋላጭ ምክንያት ብሎ የጻፈ ዝርዝር እምብዛም አላየሁም።

ስለ ጽዳት አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ብዙ የውጭ ሆስፒታሎች የሚወለውሉባቸው ጥሩ ሽታ ያላቸው ውድ ኬሚካሎች ኦሪስን በደንብ አይገድሉትም። ክሎሪን ይገድለዋል። ማለትም የኛ በረኪና። መጀመሪያ ቆሻሻው መታጠብ አለበት፣ በልኩ መበጥበጥ አለበት፣ እንደተቀባ ወዲያው ሳይደርቅ ትንሽ ጊዜ መቆየት አለበት። ለእጅ ደግሞ አልኮሉ በቂ ነው። ችግሩ ወለል ማጽዳት አይደለም፤ ወለልማ ይታጠባል። የሚረሳው ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዞረው ነው። ቴርሞሜትሩ፣ የግፊት መለኪያው፣ የስኳር መለኪያዋ፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያዋ። የማን ሥራ እንደሆነ ስለማይታወቅ ማንም አያጸዳውም።

የጋሼ ካልቸር በ17ኛው ቀን ወጣ። ካንዲዳ ነው። ስሙ አልተለየም። መስመሩ ያን ጊዜ ወጣ፣ አምፎተሪሲን ተፈልጎ መጣ፣ ኩላሊታቸው በየቀኑ ይታይ ጀመር። ይተርፉ ይሆናል፤ እንደዚህ ያሉ ብዙ ሰዎች ይተርፋሉ።

ካርዳቸውን ወደ ኋላ ብንገልጠው ግን በ11ኛው ቀን አንድ ነገር ተጽፏል። ልጃቸው ያመጣችውን አጥሚት ጠጥተው አልመለሳቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአፋቸው መመገብ ችለዋል፣ አብዛኛው መድኃኒታቸውም ወደሚዋጥ መለወጥ ይችል ነበር። የቀረችውን መርፌ ክንዳቸው ላይ ባለች ትንሽ ካኑላ መስጠት ይቻላል። በ11ኛው፣ በ12ኛውና በ13ኛው ቀን ጠዋት ሐኪሞቹ አልጋቸው አጠገብ ቆመው ፋይላቸውን አይተዋል። መስመሩ ግን አንገታቸው ላይ ነበር። ለምናልባት ተብሎ።